ቀይዋ ኮከብ የደበዘዘች ሰሞን

አማቴን ሰፈሩ የሚጠራቸው «ጋሽ ፍም» እያለ ነው። ትክክለኛ ስማቸውን የምናውቀው ልጃቸው፣ እኔና መታወቂያቸው ብቻ ነን፤ መታወቂያቸውም ቢሆን ከጥላሸት ብዛት ግማሹ ፊደል አይነበብም። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ባሌስትራ ይሠራሉ። ባሌስትራ ማለት ከመኪና ሆድ ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው፣ እንደ ቀስት የጎበጠው ብረት ነው፤ መንገዱ ሲያነሳና ሲጥል ሸክሙን ሁሉ የሚችለው እሱ ነው። ሾፌር ይመሰገናል፣ ሞተር ይመሰገናል፤ ባሌስትራን ሰው የሚያስታውሰው ግን የተሰበረ ዕለት ነው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወሬ ከሙያዬ አንዱ ክፍል ስለሆነ ነገር አስረዝማለሁ፤ የቸኮለ ሰው ጎረቤት ያለው ቤት ይሂድ፣ እዚያ ዝም ብለው ነው የሚላጩት።

የአማቴ ሙያ ያለው ዓይናቸው ላይ ነው። ብረቱ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ወናፉ ሲነፋበት መጀመሪያ የደረቀ ደም ይመስላል፣ ቀጥሎ የበሰለ ቲማቲም፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያ ቢጫ፤ ዝም ካሉት ደግሞ ነጭ ሆኖ እሳት ይተፋል። ከቲማቲሙና ከብርቱካኑ መካከል አንዲት ቀይ አለች። ብረቱ ዘይት በርሜል ውስጥ መግባት ያለበት እሷ ላይ ሲደርስ ነው። ካለፈ ባሌስትራው እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል፤ ካልደረሰ እንደ ሊጥ ለስልሶ ይቀራል። በዚያች ቀይ ላይ ነው እንግዲህ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቁልቁለት የሚወርደው። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ልይዛት ሞክሬያለሁ። «ይቺ ናት!» ስላቸው «አለፈችህ» ይሉኛል፤ በሚቀጥለው ቀደም ብዬ ስጮህ «ገና ናት፣ ምን ያንቀዠቅዥሃል?» ይሉኛል።

ይህ ዓይናቸው ከምድጃው ውጭም ሥራ አይፈታም። ልጃቸውን ለማግባት ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት፣ ያጠናሁትን ንግግር ሳልጨርስ ፊቴን አይተው «ይሄ ልጅ ፈርቷል እንጂ አልዋሸም፤ የሚዋሽ ሰው ፊቱ ሳይሆን ጆሮው ነው የሚቀላው» ብለው ፈቀዱልኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጆሮ ጀርባ የምቆም ሰው ነኝ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሳጣራ ኖሬ እውነታቸውን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በቤታቸው ክልክል የሆነ ነገር ቢኖር «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ መማል ነው። በሌላ በሌላው እንደ ልባችሁ ማሉ፤ በዓይን ግን ቀልድ የለም።

ይህን ዓይን ያስተማሯቸው አሠሪያቸው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። አማቴ ዛሬም ድረስ «አለቃ» ከማለት ሌላ ስም አይጠሩላቸውም። አለቃ ለአማቴ ከመዶሻና ከጉጠት በፊት ያሳዩአቸው ነገር፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ኮከብ ነው። ብርዱ በሚገባበት ወራት፣ ፀሐይ ጠልቃ ወርክሾፑ ሲዘጋ፣ በጓሮ በኩል አውጥተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞሯቸዋል። ሦስት ኮከቦች ተሰልፈው ይወጣሉ፤ በግራቸው አንዲት ደማቅ ቀይ፣ በቀኛቸው አንዲት ደማቅ ነጭ አለች።

«እሳት ይሸነግላል» አሏቸው አለቃ። «በደመና ቀን ያልጋለውን የጋለ ያስመስልብሃል፣ በፀሐይ ቀን የጋለውን ያልጋለ። ዓይንም ይሸነግላል፤ የለመደውን ነው የሚያይልህ። እሷ ግን አትለወጥም። ነጯ እንዳለች ሆና ቀይዋ የፈዘዘችብህ ዕለት፣ ቀይ ከዓይንህ ጠፍቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጉጠቱን አስቀምጥ፤ ሰው ትገድላለህ።»

አማቴ ይህን ትእዛዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል። ቀዝቃዛው ወራት በገባ ቁጥር ሱቅ እንደሚዘጋ ሰው ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ጓሮ ይወጣሉ፣ ቀና ይላሉ፣ «እህ» ይላሉ፣ ይገባሉ። በአንድ ግቢ ስለምንኖር እኛም ለምደነው የእራት ደወል አድርገነው ነበር። «እህ» ሲሉ ባለቤቴ ሳህን ታወጣለች።

አንድ ሰሞን «እህ»ው ቀረ።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። «አባዬ ጓሮ ወጥቶ ይቆያል፤ ሲገባም አይናገር፣ አይበላ» አለችኝ። ቀጥሎ ወሬው በእኔው ወንበር በኩል መጣ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አንገቱ ላይ ፎጣ ሳስርለት «ኧረ አማትህ ምን ነካቸው?» አለኝ። «ምን ሆኑ?» ስለው «ትናንት ልንነሳ ስንል ከአውቶቡሱ ሥር ገብተው በጀርባቸው ተኝተዋል። ባሌስትራውን በመዶሻ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፣ እንደገና ያንኳኳሉ። ተሳፋሪው ፈንጂ የሚፈልጉ መስሎት እግሬ አውጪኝ ብሎ ወረደ። በስንት ልመና መሰለህ የመለስኩት!» ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አማቴ ሥራቸውን ሁለት ጊዜ የሚያዩ ሰው አልነበሩም።

በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ፀጉራቸው ሳያድግ ነው የመጡት። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠብቀው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና በመስተዋቱ ውስጥ እያዩኝ «ለልጄ እንዳትነግራት» አሉ። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ነገር ለፀጉር አስተካካይ ከባድ ሸክም ነው።

«ዓይኔ ቀይን ረስቷል» አሉኝ።

ነጯ ኮከብ እንዳለች ናት፤ ሦስቱም እንዳሉ ናቸው። ቀይዋ ግን ከዕለት ወደ ዕለት እየፈዘዘችባቸው፣ አሁን ከሌላው ተራ ኮከብ የማትለይ ሆናለች። «ምድጃው ውስጥስ ቀዩ አይታይዎትም?» አልኳቸው። «ይታየኛል። እሱ አይደል የሚያስፈራው! የማየው ይሁን የማስታውሰው በምን አውቃለሁ? ስንት ወር ሙሉ በተበላሸ ዓይን ስሠራ እንደከረምኩ በምን አውቃለሁ?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። በየመናኸሪያው እየዞሩ የሠሩትን ባሌስትራ የሚያንኳኩት ለዚህ ነበር። የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይለያል፤ ያልተሰነጠቀ ነገር ግን የሚሰነጠቅበትን ቀን አይናገርም። እንቅልፍ አጥተዋል። ምድጃውን አጥፍተዋል፤ ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፍና ወናፉን የሚወስድ ሰው እሁድ እንዲመጣ ነግረውታል።

ምን ልበላቸው? «ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አልኩ። «ሄጃለሁ። ፊደል አስነበበኝ፤ ሁሉንም አነበብኩለት። የጠፋብኝን ቀይ እኮ ፊደል አያውቀውም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ላለማፈር ያህል ሦስት ፀጉር ቆረጥኩላቸውና ሄዱ። በሩ ላይ ደረጃውን በእግራቸው ዳብሰው ሲወርዱ አየሁ፤ ዓይነ ስውር መሆንን ከወዲሁ መለማመድ ጀምረዋል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ዘንድ ግን ዝምታ አንድ ቀን አያድርም፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት ነቀዘ። ደንበኛዬ የሆነ አንድ የፊዚክስ መምህር አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ሲጠብቅ፣ የሌላ ሰው ጭንቅላት ይዤ «አንተ፣ ሰው ሌላው ቀለም ሁሉ እየታየው ቀይ ብቻ ሊጠፋበት ይችላል?» አልኩት።

«እንዴት አወቀ?» አለኝ ጋዜጣውን ሳያወርድ።

«አንድ የሚያየው ቀይ ኮከብ ፈዘዘበት። ጎኑ ያለው ነጭ አልፈዘዘም።»

ጋዜጣው ወረደ። «የትኛው ቀይ ኮከብ? ከሦስቱ ሰልፈኞች በስተግራ ያለችው?»

«እሷ መሰለችኝ።»

መምህሩ ብድግ አለ። «ሰውዬው የት ነው?» አለኝ። ተራው ደርሶ ነበር፤ ለኋለኛው ሰው ትቶለት፣ እኔንም የሰው ጭንቅላት ቶሎ እንድጨርስ እያጣደፈኝ፣ ሲጨልም አማቴ ወርክሾፕ አደረሰኝ። አንድ ሰው በኮከብ ምክንያት እንዲህ ሲሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አማቴ የቀዘቀዘው ምድጃ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ባልንጀራ ይዤ መምጣቴን ሲያዩ ምስጢራቸውን እንዳባከንኩት ገባቸው፤ እንዴት እንዳዩኝ አልነግራችሁም። መምህሩ ግን ፋታ አልሰጣቸውም። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ እጃቸውን ይዞ ጓሮ አወጣቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ኮከቦቹ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ወጥተዋል።

«አባባ፣ ቀይዋን ለጊዜው ይተዉአት» አለ። «ከሷ በላይ፣ እዚያ ጋ፣ አንዲት ብርቱካንማ ኮከብ አለች። ታየችዎ?»

«አየኋት።»

«ፈዛ ነው ደምቃ?»

«ደምቃ።»

«ዓምና ከቀይዋ ጋር ቢያስተያዩአቸው ማንኛዋ ትበልጥ ነበር?»

«ቀይዋ ናታ! ይቺንማ ከቁም ነገርም ቆጥሬያት አላውቅ» አሉ አማቴ።

«ዛሬስ?»

አማቴ አንዴ ላይኛዋን፣ አንዴ ታችኛዋን ያያሉ። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓይንዎ ቀይን ረስቶ ቢሆን ኖሮ ይቺም አብራ ትፈዝብዎ ነበር። ዓይንዎ ደህና ነው፣ አባባ። የፈዘዘችው ኮከቧ ራሷ ናት» አላቸው።

«ኮከብ ይፈዛል?» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። እኔ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ካልሆነ ቀና የማልል ሰው ነኝ፤ ያን ምሽት ግን አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጠጥኩ። የዚህች ኮከብ ስሟ ቤቴልጁስ ነው አለን መምህሩ። ፀሐያችን አንዲት የአተር ፍሬ ብትሆን፣ ቀይዋ ይህን ወርክሾፕ ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልታ ታፍነዋለች። በፀሐይ ቦታ ብትቀመጥ እኛ የቆምንበት መሬት ሆዷ ውስጥ ነው። እኔ ሳላውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ቀይ ከሆነች እኮ እሳቷ ዝቅ ያለ ነው» አሉ አማቴ።

«ልክ ነዎት፤ ለኮከብ ዝቅ ያለ ነው፣ ከፀሐይ ትቀዘቅዛለች። ያም ሆኖ የእርስዎ ምድጃ አራት እጥፍ ያህል ቢግል ነው የሚደርስባት።»

«ታዲያ ከፀሐይ ቀዝቅዛ፣ እንዲህ ርቃ፣ በምኗ ነው የምታበራው?»

«በግዝፈቷ ብቻ።»

እንደምትነፋና እንደምትኮማተር ነገራቸው፤ ከአንድ ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አንዴ ደምቃ አንዴ ደብዝዛ ትመላለሳለች፤ ትተነፍሳለች ቢባል ያስኬዳል። ላይዋ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል፤ አንዷ አረፋ ብቻ ብዙ ፀሐይ ትውጣለች። የውጭ ቆዳዋ ግን እኛ ከምንተነፍሰው አየር ይሳሳል። ዘንድሮ ልክ ባለፈ መልኩ የደበዘዘችው ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩበት ነው፤ አንዳንዶቹ ከሆዷ ትልቅ ነገር ተፍታ፣ የተፋችው ቀዝቅዞ አቧራ ሆነና ፊቷን ጋረዳት ይላሉ።

«ቅርፊት በላት!» አሉ አማቴ። የጋለ ብረት አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፤ ውስጡ እየነደደ ላዩ የበረደ ይመስላል። «ቅርፊቷን ነው የጣለችው፤ ይህቺን እኮ አውቃታለሁ።»

መምህሩ ሳቀና ቀጠለ። በዕድሜ ከፀሐይ ጋር ብትተያይ ጨቅላ ናት፤ ግን ትልቅ እሳት ማገዶ አይበረክትለትም፣ እሷም ገና በልጅነቷ ያላትን ጨርሳ አርጅታለች። መጨረሻዋ ሲደርስ ሆዷ ውስጥ ብረት ይሠራል። ብረት ለኮከብ ማገዶ አይሆነውም፤ እሳቱ እዚያ ላይ ያበቃና በራሷ ላይ ተደርምሳ ትፈነዳለች፤ ያን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ትታያለች። ነገ ሊሆን ይችላል፣ መቶ ሺህ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ፈንድታ አልቃ ወሬው ገና መንገድ ላይ ቢሆንም የምናውቅበት መንገድ የለም። «የሚቀጠቅጡትም ብረት ሁሉ፣ አባባ፣ ከረጅም ዘመን በፊት ከፈነዱ ኮከቦች የተረፈ ነው። የዚህ ሁሉ አውቶቡስ ባሌስትራ አንድ ዘመን ላይ የኮከብ ሆድ ነበር።»

አማቴ ቆባቸውን አወለቁ። ለቀብርም ለሹምም የማያወልቁትን ቆብ ነው የማወራችሁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቃት ኖርኩ» አሉ። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚመጡ እስከዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዓይኑ ደህና፣ ባሌስትራው ደህና፣ እሁድ የሚመጣውን ሰውዬ «ይቅርታ» ማለት ነው። አማቴ ግን ቆቡን እንደያዙ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆና ታውቃለች?»

«ይህን ያህል ስትደበዝዝ እንኳ ብዙ አልታየችም» አለ መምህሩ። «ግን በየጊዜው ትደበዝዛለች። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊትም አንድ ጊዜ ፈዘዝ ብላ ነበር ይባላል። ተራ ሰው አያስተውለውም፤ እንደ እርስዎ ያለ ዓይን ካልሆነ።»

አማቴ የዘይት በርሜሉ ክዳን ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «አለቃ» አሉ፤ «አለቃ እኮ…»

ታሪኩን ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ባለቤቴ ገና ጡት ሳትጥል፣ በአንድ ቀዝቃዛ ወር፣ አለቃ ከጓሮ ገብተው ጉጠቱን ለአማቴ ሰጧቸው። «ቀይዋ ነገረችኝ፤ ዓይኔ ሄዷል» አሉ። ገና በሙሉ ጉልበታቸው ነበሩ። እንደዚያ ወጥተው ምድጃ ፊት አልተመለሱም፤ የሠሩት አንድም ባሌስትራ ሳይሰበር፣ ሰው ልገድል ነበር ብለው እያፈሩ ቤት ዋሉ። አማቴ የምድጃው ጌታ የሆኑት በዚያ ዕለት ነው። ልጅ ያሳደጉት፣ ቤት የሠሩት፣ ስም ያገኙት በዚያ ጉጠት ነው። ሰውየው ግን ዓይናቸው ደህና ነበር።

«አሁንም አሉ እንዴ?» አለ መምህሩ በቀስታ።

«አሉ። አሁንማ እውነትም አያዩም፤ እርጅና ነው።»

ያን ዕለት ማታ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ አባቷን አቅፋ አለቀሰችና እንባዋን ሳትጠርግ «አትነግራቸውም» አለች። «ዕድሜያቸውን መልሰህ ልትሰጣቸው ነው? የማይታከም ቁስል ለምን ታሳያቸዋለህ? በሰላም ይለፉ።» አማቴ ደግሞ «ሰላም ብለሽ ነው?» አሏት። «በየመንገዱ የአውቶቡስ አደጋ በተሰማ ቁጥር ‹የእኔ ብረት ይሆን?› እያሉ እኮ ነው የኖሩት። እኔ ጥቂት ሳምንት ይህን ተሸክሜ እንዴት እንደሆንኩ አይተሽኛል።» እኔ የማንን ወገን እንደምይዝ አላወቅኩም። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እንዲህ ዓይነት ክርክር ላይ አማች ሳህን ማጠብ ነው ያለበት፣ እኔም አጠብኩ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አማቴ በሱቄ በኩል አለፉ። «መቀስህን ያዝና ና። ፀጉራቸውን ታስተካክላለህ። እሳቸው ቢወድቁ ታነሳቸዋለህ፤ እኔ ብወድቅ ግን ተወኝ» አሉኝ።

አለቃ የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ባለው ቤት ነው። በረንዳው ላይ፣ መቀመጫው በገመድ በተሠራ ወንበር ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ዛሬም ሰፊ ነው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ግማሽ ተጨብጦ ያርፋል፣ እጀታ እንደያዘ። አማቴ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ፤ እኔ አንሶላውን አንገታቸው ላይ አሰርኩና ሥራዬን ጀመርኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ ተወራ። አማቴ ሦስት ጊዜ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። በአራተኛው ወጣላቸው።

«አለቃ፣ ያን ጊዜ ጉጠቱን ሲሰጡኝ ዓይንዎ ደህና ነበር።»

መቀሴ ቆመ። ከአንሶላው ሥር እጃቸው ሲጨበጥ አየሁ።

«ምን አልክ?»

አማቴ ነገሯቸው። ስለ ብርቱካንማዋ ኮከብ፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ራሳቸው ድንጋጤ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸውና «የእርስዎን እንጀራ ነው ስበላ የኖርኩት፤ ቦታው የእርስዎ ነበር» ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። አለቃ በቁጣ «ለምን ነገርከኝ?» አሉ። «ምን ላድርገው አሁን? ምን አድርገው ብለህ ነው?» የመንገዱ ልጆች ኳስ እየመቱ ይጮሃሉ። ባለቤቴ እውነቷን ነው ብዬ በሆዴ ራሳችንን ረገምኩ።

አለቃ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ታዲያ እሷ ምን ሆና ነበር?» አሉ።

ስለ ራሳቸው አልነበረም የጠየቁት። አማቴ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ጀመሩ። ስለ አተሩና ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ ቅርፊቱ፣ በሆዷ ስለሚሠራው ብረት ነገሯቸው። አለቃ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ እኔ መቀሱን ማንቀሳቀስ ድፍረት መሰለኝ። «ትተነፍሳለች አልክ?» አሉ አንድ ቦታ ላይ። «እኔ ሰማይ ላይ የተመታች ምስማር አድርጌ ነበር የማያት።» ቀጥለውም «እንዲህ ያለችውን ፍጡር የዓይኔ መለኪያ አድርጌያት!» አሉና ሳቁ። በዚያ ፊት ላይ ሳቅ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በድንገት ወንበሩን ጥለው ቆሙ። «ወጥታለች? ጨለማው ተሰምቶኛል።»

«ወጥታለች፣ አለቃ።»

«እንግዲያው እይልኝ። አታባብለኝ፤ ያለችውን ንገረኝ።»

አማቴ ትከሻቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ። «ፈዛለች» አሉ። «ጥግ ላይ ሊበርድ የተቀመጠ ብረት ትመስላለች። ግን አልጠፋችም። ውስጧ አልጠፋም።»

አለቃ የማያይ ዓይናቸውን እዚያው ላይ ተክለው ቆዩ። እኔም አየኋት። ያቺ ቁራጭ ብርሃን ምድራችንን ዋጥ አድርጋ የማትጠግብ ነገር መሆኗን እያወቅኩ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከሥሯ ተደጋግፈው ቆመው እያየሁ፣ መቀሴን እጄ ላይ ረሳሁት።

«ጠዋት መጥተህ ውሰደኝ» አሉ አለቃ።

«ወዴት ልውሰድዎት?»

«ወዴት ትለኛለህ? ወደ ሥራዬ ነዋ! አንተ ታያለህ፣ እኔ ወናፉን እነፋለሁ።»

አማቴ የአለቃን እጅ ያዙ። እኔ የወደቀውን ወንበር አነሳሁና አለቃን መልሼ አስቀመጥኳቸው። የበረንዳውን መብራት አብርቼ ፀጉራቸውን ጥንቅቅ አድርጌ ጨረስኩ፤ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጦ አይሄድም።